ስሙ ቀርከሃ፣ ዘሩ ሌላ፦ የቢሮውን «ላኪ ባምቡ» እንዴት እንምረጥ? እንዴትስ እንያዝ?

በልደታ ከፍርድ ቤቱ ወረድ ብሎ በሚገኙት አዳዲስ ሕንፃዎች ውስጥ ቢሮ ሲከፈት የሚገቡት ዕቃዎች ቅደም ተከተል ብዙም አይለያይም። መጀመሪያ ጠረጴዛና ወንበር ይገባል፤ ቀጥሎ ኮምፒዩተርና የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን፤ በመጨረሻም በምረቃው ዕለት ወዳጅ ዘመድ ይዞት የሚመጣው ስጦታ። ከስጦታዎቹ መካከል እየተለመደ የመጣው በብርጭቆ ቫዝ ውስጥ በጠጠርና በውሃ የቆመው፣ ወገቡ ላይ ቀይ ጥብጣብ የታሰረለት አረንጓዴ ዘንግ ነው። ሻጮቹ «ላኪ ባምቡ» ይሉታል። ገዢው ደግሞ «የዕድል ቀርከሃ» ብሎ ይተረጉመዋል።

ይህ ገጽ ስለ ቡና፣ ስለ ሲሚንቶና ስለ ምንዛሪ ሲጽፍ የኖረ በመሆኑ ዛሬ ስለ ቫዝ ተክል ሲያወራ አንባቢ «ምን ነካቸው?» ሊል ይችላል። ነገሩ እንዲህ ነው። አምና በግንቦት ልደታ ሰሞን አንድ የእህል ኮሚሽን ሠራተኛና ፎቅ ላይ የሒሳብ ቢሮ የከፈተ የእህታቸው ልጅ ከአንድ ሻጭ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዋጋ ሦስት ሦስት ዘንግ ገዙ። በጥር ወር የእህት ልጁ ተክል ቅጠሉ ወደ መስኮቱ ዘንበል ብሎ ያማረበት ሲሆን የአጎትየው ግን ሁለቱ ዘንጎች እንደ በሰለ ሙዝ ቢጫ ሆነዋል። ሦስተኛውም ከሥሩ ጀምሯል። ጋሼ ደውለው አስጠሩኝ።

«ና እስቲ ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ። ይኸ ነገር ለምን እንደሞተ ንገረኝ» አሉኝ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሱቁ ገድ የለውም መሰለኝ» አሉ።

ጉዳዩ ከተክል በላይ መሆኑን የተረዳሁት ያኔ ነው። የኪራይ ውላቸው የሚታደስበት ጊዜ ደርሷል፤ የዓመቱ ገበያም አልሆነላቸውም። በመሆኑም ቢጫው ዘንግ ለማያድሱበት ምክንያት ሊሆን ምንም አልቀረውም። አንድ ነጋዴ በ12 ዓመት ያፈራውን ደንበኛ ጥሎ ሰፈር ሊለቅ ሲያስብ በሚዛኑ ላይ አንድ ቫዝ መቀመጡ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው። እኛ ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ «ሌሎች ሁኔታዎች ሁሉ ባሉበት ሲቆዩ» እያልን አራት ዓመት ተምረናል። እንዲህ ያለ ሁኔታ ግን በመጽሐፍ እንጂ በሥራ ላይ እምብዛም አይገኝም። እዚህ ሻጩ አንድ፣ ቀኑ አንድ፣ ዋጋው አንድ፣ ሕንፃውም አንድ ነው። ልዩነቱ አያያዝ ብቻ ነው። ስለዚህ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ለመሆኑ ይህ ነገር ምንድነው?

ከሁሉ አስቀድሞ ቀርከሃ አይደለም። ቀርከሃ የሣር ወገን ነው። የኛ አገር ሁለቱን ያውቃል። አንደኛው በደጋው፣ በአዊ እንጅባራ አካባቢ፣ በሲዳማ ሁላ፣ በማሻ የሚበቅለው የደጋ ቀርከሃ ሲሆን ሁለተኛው በአሶሳና በመተከል ቆላ የሚገኘው ሽመል ነው። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ሰፊ የቀርከሃ ሀብት ካላቸው አገሮች ግንባር ቀደም መሆኗ በተደጋጋሚ ይነገራል፤ ለብዙ ጊዜ ሲጠቀስ የኖረው አሃዝም 1 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ነው። ደጋ ቀርከሃ ከ10 ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ሰፊ መሬትና ሙሉ ብርሃን የሚፈልግ ተክል ነው። እሱን በጠረጴዛ ላይ ማሳደግ በሬን በሳሎን እንደ ማሰር ነው።

በቫዙ ያለው ዘንግ የተክል ሊቃውንት ድራሴና ሳንደሪያና የሚሉት ነው። «ሳንደሪያና» የተባለውም በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ አገር በኦርኪድ አበባ ንግድ ስመ ጥር ለነበረው ለፍሬድሪክ ሳንደር መታሰቢያ ነው። እንግዲህ ተክሉ ከጅምሩም የነጋዴ ስም የተሸከመ ነው ማለት ነው። ልዩነቱን በቀላሉ ማረጋገጥ ይቻላል። የደጋ ቀርከሃ ሲቆረጥ ውስጡ ባዶ ነው፤ ይኸኛው ግን ድፍን፣ እርጥብና ሥጋማ ነው። ቀርከሃን የሚያስመስለው በዘንጉ ላይ በየተወሰነ ርቀት ያለው አንጓ ብቻ ነው። አንጓው የቅጠል ጠባሳ ሲሆን አዲስ ቀንበጥ የሚወጣውም ከዚያው ነው። ይህችን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዛት፤ ኋላ ገንዘብ ታመጣለች።

የሚገርመው የትውልድ አገሩ ነው። ብዙ ሰው የቻይና ተክል ይመስለዋል። የተገኘው ግን ካሜሩንን ጨምሮ ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ ደን ነው። ቻይናዎች በተለይም በደቡብ ጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር በሰፊው አለሙት፤ ቅጠሉን ገፍፈው፣ ዘንጉን ጠምዝዘው፣ «ፉ ጉዊ ጁ» ማለትም «የሀብትና የክብር ቀርከሃ» የሚል ስም ሰጡት። እነሆ ዛሬ የአፍሪካ ልጅ በቀይ ጥብጣብ ታስሮ፣ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ወደ አፍሪካ ይመለሳል። ጥሬውን ልኮ ያለቀለትን መግዛት በቡናችን ብቻ የደረሰ የሚመስለን ካለን ተሳስተናል።

ዋጋው ከየት ይመጣል?

ገዢ ለሦስት ነገር ይከፍላል። ለጊዜ፣ ለስምና ለወሬ።

ጊዜው እውነተኛ ዋጋ ነው። እንደ ጥምዝ ሽቦ የተጠቀለለው ዘንግ በማሽን የተጠመዘዘ አይደለም። ተክል ወደ ብርሃን ያዘነብላል፤ አልሚው ብርሃኑን በአንድ ወገን ብቻ አድርጎ ተክሉን በየጊዜው ያዞረዋል፤ ዘንጉም ብርሃን ፍለጋ ሲዞር ይጠቀለላል። አንድ ሁለት ዙር ለማስያዝ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ጥምዙ ከቀጥተኛው ቢወደድ የተቀመጠ ካፒታልና ወለዱ ነው፤ ሻጩን አንወቅሰውም። ነገር ግን አንድ ነገር እንወቅ፦ ቤት ከገባ በኋላ ዘንጉ አይጠመዘዝም፣ አይረዝምምም። የሚያድገው ከጎን የሚወጣው ቀንበጥ ብቻ ሲሆን እሱም ቀጥ ብሎ ነው። ያ ሁሉ የተከፈለበት ቅርጽ ከዓመት በኋላ በቅጠል ይሸፈናል። ለራሴ ብገዛ ቀጥተኛውን እመርጣለሁ።

ስሙ ደግሞ ሌላ ነው። በቻይናዎች ልማድ ሦስት ዘንግ ለደስታ፣ ለሀብትና ለረጅም ዕድሜ ይሰጣል፤ አራት ግን አይሰጥም፤ ምክንያቱም በቋንቋቸው «አራት» እና «ሞት» የሚሉት ቃላት ድምፅ ይቀራረባል። የኛ ሻጮች ይህን ትርጉም ከነዘንጉ አስመጥተውታል። እምነቱን የፈለገ ይያዝ፤ ለገዢ ግን የዘንግ ቁጥር ሲጨምር ዋጋ የሚጨምረው በትርጉም መሆኑ ይታወቅ። በልደታ ገበያ «አራት» ከማንም ጋር አልተጣላም። አራት ዘንግ በቅናሽ ካገኛችሁ ግዙ።

ሦስተኛው ወሬ ነው። «የቢሮ አየር ያጣራል፤ በናሳ የተመሰከረ ነው» ይባላል። የአሜሪካው የጠፈር ምርምር ድርጅት ናሳ እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው ጥናት ተክሎች አንዳንድ ጎጂ ጋዞችን መቀነሳቸውን አሳይቷል፤ ሙከራው የተካሄደው ግን በተዘጋ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት የበፊቶቹን ሙከራዎች አሰባስቦ ሲያሰላ፣ በተለመደ ሕንፃ ውስጥ የአየር ዝውውሩ የሚሠራውን ሥራ ለመሥራት በአንድ ካሬ ሜትር ወለል ከ10 እስከ 1,000 ተክል እንደሚያስፈልግ ደርሶበታል። በአንድ ካሬ ሜትር አሥር ቫዝ ከተደረደረ ደንበኛው የት ሊቀመጥ ነው? መስኮት መክፈት በነፃ ነው።

የሎሚ ገበያ

እ.ኤ.አ. በ1970 ጆርጅ አከርሎፍ የተባለ አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ሊቅ ስለ ያገለገሉ መኪናዎች ገበያ አንድ ጽሑፍ አወጣ። በአሜሪካኖች የመንገድ አነጋገር «ሎሚ» ማለት ላዩ ያማረ፣ ውስጡ የተበላሸ መኪና ነው። ሻጩ የዕቃውን ጉድለት ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም፤ ስለዚህ ገዢው በጥርጣሬ ዋጋ ይሰብራል፣ ጥሩ ዕቃ ያለው ሰውም ከገበያው ይወጣል፣ በመጨረሻም ሎሚው ብቻ ይቀራል። ሊቁ በዚህና በተከታይ ሥራው በ2001 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። የመርካቶ ሰው ይህንን ያለ ኖቤል ያውቀዋል፦ ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ላኪ ባምቡ የለየለት የሎሚ ገበያ ነው። ሥሩ የበሰበሰ ዘንግ ላዩ ለሳምንታት አረንጓዴ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከመኪና ሞተር ይልቅ ለመመርመር ይቀላል። ገዢው ቢያፍርም ይህን ያድርግ።

ዘንጉን በሁለት ጣት ከታች ይጫኑት። ጠንካራ መሆን አለበት፤ ጣት ከሰረገደ ወይም ቆዳው እንደ አሮጊት ጉንጭ ከተሸበሸበ ተዉት። ቀጥሎ ከጠጠሩ ውስጥ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ሥሩን እዩ። ብዙ ሰው ነጭ ሥር ይጠብቃል፤ የዚህ ተክል ጤነኛ ሥር ግን ብርቱካናማ ወይም ቀላ ያለ ነው። በዚህ የተነሣ ጤነኛውን «ዝጓል» ብለው ጥለው በሽተኛውን የሚገዙ አሉ። መጥፎው ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኖ የሚያሟልጨው ነው። ቀጥሎ አሽትቱ። የረጋ ኩሬ የሚሸት ቫዝ ሎሚ ነው። ዘንጉ ላይ ቢጫ ቀለበት ካለ፣ ትንሽ ብትሆንም፣ አትከራከሩ፤ ቢጫ የሆነ ዘንግ ወደ አረንጓዴ አይመለስም። የቅጠሉ ጫፍ ትንሽ መድረቅ ግን ለዋጋ መከራከሪያ እንጂ ላለመግዛት ምክንያት አይሆንም።

የዘንጉ አናት ላይ ሰም የተቀባ ከሆነ አትደንግጡ፤ የተቆረጠው ጫፍ እንዳይደርቅና እንዳይበሰብስ የተደረገ ነው። ብዙ ዘንግ እንደ ግንብ ተደራርቦ የታሰረውን ሲገዙ ግን መሐሉን ይመልከቱ። መበስበስ የሚጀምረው አየር ከማያገኘው ከመሐል ሲሆን አንዱ ከበሰበሰ ጎረቤቱን ያስከትላል። የታሰረበት ሽቦ ወይም ላስቲክ ቆዳውን ቆርጦ ከገባም እንደዚያው ነው።

ከሻጩ ጋር መስማማት ከተቻለ «ወር ሳይሞላው ቢበሰብስ ትቀይርልኛለህ» የሚል ቃል ማስገባት ይበጃል። ዋስትና ማለት ይኸው ነው። በዕቃው የሚተማመን ሻጭ ቃሉን ለመስጠት አይቸገርም፤ የሚያንገራግረው መልሱን ሰጥቷል።

ውሃ፣ ብርሃን፣ ብርድ

ወደ ጋሼ ሱቅ እንመለስ። ቫዙ የቆመው ከመስታወቱ ሥር ነው። መስታወቱ ወደ ምዕራብ ያያል። ከሰዓት በኋላ ያለው ፀሐይ በቀጥታ ዘንጉ ላይ ያርፋል። ይህ ተክል በትውልድ አገሩ በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚኖር ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ ፀሐይዋ ጠንካራ ነው። ቅጠሉ ይነጣል፣ ይቃጠላል፤ በጠራ ብርጭቆ ያለው ውሃም ሞቆ አረንጓዴ ዝቃጭ ያበቅላል። የእህት ልጁ ቫዝ ከመስኮቱ ሁለት ሜትር ገባ ብሎ፣ ከስስ መጋረጃ በስተኋላ ነው። ደንቡም ይኸው ነው፦ ጋዜጣ ያለ መብራት የሚነበብበት፣ ፀሐይ ግን በቀጥታ የማይነካው ቦታ። መስኮት የሌለው የውስጥ ቢሮ ያለው ሰው በፍሎረሰንት መብራት ሊያቆየው ይችላል፤ እድገቱ ግን ይዘገያል። በክረምት፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ ሰማዩ ሲጠቁር ወደ መስኮቱ ማስጠጋት ነው።

ማታ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ተክሉ የሚስማማው ከ15 ዲግሪ በላይ ነው፤ 10 ሲደርስ ይጎዳል። የጋሼ ሱቅ ቀጭን የቆርቆሮ መዝጊያ ያለው ምድር ቤት ሲሆን ቫዙ የሚያድረው ከቀዝቃዛው መስታወት ጋር ተጣብቆ ነው። ቀን በፀሐይ ይቀቀላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ሰውም ቢሆን አይችለውም። ማታ ሲዘጉ ወደ ውስጠኛው ጠረጴዛ ማንሳት ብቻ በቂ ነበር።

ውሃውን በተመለከተ፣ የአዲስ አበባ የቧንቧ ውሃ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች፣ እንዲሁም በአቃቂ በኩል ካሉት ጉድጓዶች ይመጣል። ለመጠጥ እንዲሆን ክሎሪን ይጨመርበታል። ድራሴና ክሎሪን አይወድም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ውሃውን ክፍት በሆነ ባልዲ ወይም ጀሪካን ቀድቶ አንድ ቀን ማሳደር፤ ክሎሪኑ ይተናል። ፈረቃ ስላለ ለማንኛውም ውሃ እናሳድራለን፤ ለዚህ ተክል ጉዳታችን ጥቅም ሆነ። ፍሎራይድ ግን አይተንም፤ ቢፈላም አይጠፋም። ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ የድራሴናን የቅጠል ጫፍ ያደርቃል። በስምጥ ሸለቆ፣ በመቂ፣ በዝዋይ፣ በአዋሳ አካባቢ በፍሎራይድ የታወቀ የጉድጓድ ውሃ ስላለ እዚያ ቅርንጫፍ ያላችሁ ነጋዴዎች የዝናብ ውሃ ብታጠራቅሙ ይሻላል። «ሃይላንድ» ገዝቶ ማጠጣት የሚያዋጣው ለአንድ ቫዝ ብቻ ነው፤ በውስጡ የተሟሟ ማዕድን የበዛበት ከሆነ ግን እሱም አይረባም። አምቦ ውሃ የሚጨምሩም አይቻለሁ። ይቅር።

መጠኑ ሥሩን የሚሸፍን ያህል ነው፤ ከአምስት እስከ ስምንት ሳንቲ ሜትር ቢሆን በቂ ነው። ብዙዎች ዘንጉ እስከ ወገቡ ድረስ እንዲጠልቅ ያደርጋሉ። ይህ የመበስበስ ግብዣ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ውሃው በየሳምንቱ ይቀየር። መጨመር መቀየር አይደለም። ጋሼ ለስምንት ወር ሲጨምሩ እንጂ ሲቀይሩ አልኖሩም። ውሃው ሲተን ጨውና ዝቃጩ ይቀራል፣ በላዩ ሌላ ይጨመራል፣ እንደ ተጠራቀመ ወለድ ይከማቻል።

ጋሼን ይበልጥ ያሳፈራቸው ቀጣዩ ነው። ቅጠሉ መገርጣት ሲጀምር «ምግብ አጥቶ ነው» ብለው አገር ቤት ለበቆሎ እንደሚያደርጉት አንድ ማንኪያ ዩሪያ ጨመሩበት። በቆሎው ሄክታር መሬት አለው፤ ቫዙ ውስጥ ያለው ሁለት ብርጭቆ ውሃ ነው። ዩሪያው ሥሩን አቃጠለው። ይህ ተክል በውሃ ሲኖር ለወራት ያለ ማዳበሪያ ይቆያል። የግድ ከተባለ ለቤት ተክል የሚሆን ፈሳሽ ማዳበሪያ በማሸጊያው ላይ ከታዘዘው በአሥር እጥፍ አቅጥኖ በሁለት ወር አንድ ጠብታ ይበቃዋል። ቢጫ ቅጠል ከረሃብ ይልቅ ብዙ ጊዜ የጥጋብ ምልክት ነው።

ስለ አፈር በአጭሩ፦ በአፈር የተተከለ በውሃ ከቆመው የበለጠ ዕድሜ አለው። ከሥሩ ቀዳዳ ባለው ሸክላ፣ አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር ይተከል፤ ላዩ ሲደርቅ ብቻ ይጠጣ። ከመንገዱ የሚገባው አቧራ ቅጠሉን ሲያለብሰው በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ነው።

ትንኝ፣ ድመትና ጉምሩክ

አሁን ቀልዱን እንተው። በቫዝ የረጋ ውሃ የትንኝ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በሎስ አንጀለስ ወደብ ከቻይና የገባ የዚህ ተክል ጭነት ሲፈተሽ በኮንቴይነሩ ውስጥ ከነውሃው የእስያ ነብር ትንኝ የተባለችው ኤዴስ ትንኝ ተገኘች። በ2005 ደግሞ በኔዘርላንድ ይህንኑ ተክል በሚያስመጡ ሰዎች የመስታወት ቤቶች ውስጥ ተገኘች። ይህች ትንኝ ዴንጊና ቺኩንጉንያ የተባሉትን በሽታዎች ታስተላልፋለች። በኛም አገር የኤዴስ ወገን የሆነች ትንኝ የምታስተላልፋቸው እነዚሁ በሽታዎች በድሬዳዋ ደርሰዋል፤ ዴንጊ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ቺኩንጉንያ በ2019። በሽታውን ቫዝ አመጣው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን እንቁላሉ ትንኝ ሆኖ እስኪወጣ በሞቃት አካባቢ አንድ ሳምንት ገደማ ስለሚበቃው በድሬዳዋ፣ በአዋሽ ወይም በመተማ ቢሮ ያለው ሰው ውሃውን በየሳምንቱ ሲቀይር ቫዙንም ውስጡን ፈትጎ ይጠብ። እንቁላሏ ከዕቃው ግድግዳ ጋር ይጣበቃልና መድፋት ብቻ አይበቃም።

ቤት ውስጥ ድመት ወይም ውሻ ካለ ቅጠሉን እንዳይበሉ ከፍ ይደረግ፤ ያስታውካቸዋል።

ከጓንጆ ሲመለሱ በሻንጣ ጥቂት እሽግ ይዘው የሚገቡ ነጋዴዎችም አሉ። ሕያው ተክል ወደ አገር ለማስገባት አስቀድሞ የማስገቢያ ፈቃድና ከላኪው አገር የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ይህ ቢሮክራሲ ለማብዛት የተደነገገ አይደለም። የአንድ ቫዝ ተባይ ወደ ቡና ወይም ወደ አበባ እርሻ ቢዛመት የሚከፍለው አስመጪው ብቻ አይደለምና።

ሒሳቡ

ለምሳሌ ያህል አንድ ዘንግ 100 ብር ነው እንበል፤ ትክክለኛው ዋጋ በየሰፈሩ ይለያያል። ሦስት ዘንግ 300 ብር። በየስድስት ወሩ እየሞተ የሚተካ ሰው በዓመት 600 ብር ያወጣል። ተንከባክቦ ሦስት ዓመት ያቆየ ሰው በዓመት 100 ብር ወጣበት ማለት ነው። ልዩነቱ 500 ብር ሲሆን ሥራው በሳምንት አምስት ደቂቃ ነው። ቫዙና ጠጠሩ ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ እሱን መስበርም ውድ ሆኗል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የአንጓው ነገር ነው። ከዘንጉ ጎን የወጣው ቀንበጥ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ በንጹሕ ምላጭ ከዘንጉ ጋር ከተገናኘበት ቦታ ይቆረጣል፤ የታችኞቹ ቅጠሎች ይገፈፋሉ፤ ባደረ ውሃ ውስጥ ይቆማል። በወር ገደማ፣ ብርድ ከሆነ ቆየት ብሎ፣ ብርቱካናማ ሥር ያወጣል። ቢጫ የጀመረ ዘንግም ቢሆን ላይኛው ክፍል አረንጓዴ ከሆነ፣ ከቢጫው ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ጤነኛ አንጓ ባለበት ተቆርጦ እንደገና ሊሠርር ይችላል። ቢጫው ይጣላል፤ ውሃውና ጠጠሩም ጭምር፤ ቫዙ በፈላ ውሃ ይታጠባል።

በጋሼ ሱቅ ያደረግነው ይህንኑ ነው። ሁለቱን ጣልናቸው። ከሦስተኛው አንድ ስንዝር የምታህል አረንጓዴ ተረፈች። እሳቸው በጥርጣሬ ሲያዩኝ የሒሳብ ሠራተኛው የእህት ልጅ ባሳደረው ውሃ አቆምናት፤ ከምዕራቡ መስታወት አንስተን የሒሳብ መዝገቡ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥናት። የኪራዩን ነገር በተመለከተ እኔ ያልኩት አንድ ብቻ ነው፦ የሽያጭ መዝገቡን ገልጠው የሦስት ዓመቱን በየወሩ ያስተያዩት፤ ቫዙ ምስክር መሆን አይችልም። የልደታ ፍርድ ቤትም ቢሆን አይቀበለውም።

መጋቢት አጋማሽ ላይ በዚያ ሳልፍ ጠሩኝ። ውሉን ለአንድ ዓመት አድሰውታል፤ መዝገቡ ሲታይ የቀነሰው የአንድ ሰሞን የጤፍ ገበያ እንጂ ደንበኛው እንዳልሆነ የእህታቸው ልጅ አሳይቷቸዋል። ብርጭቆውን አንስተው ወደ ብርሃኑ አዞሩልኝ። ከታች ሦስት የብርቱካን ክር የመሰሉ ሥሮች ወጥተዋል።

«አሁን ይችን ብሸጣት ስንት ታወጣለች?» አሉኝ።